ወፏን የዳኙት ሽማግሌ

አንድ ሰኞ ጧት ከገዘር ወደ ጂንካ በምንወርድበት ሚኒባስ ውስጥ ጉሙም አብሮን ተሳፍሮ ነበር፤ መስኮቱ አይዘጋም። አጠገቤ የተቀመጡት አቶ ደገፋ ጂንካ በሰፈራቸው የታወቁ አስታራቂ ናቸው፤ ገዘር ለሽምግልና ሰንብተው መመለሳቸው ነው። ጉሙን ከፊታቸው በእጃቸው እየገፉ ብሶታቸውን ነገሩኝ።

«የልጅ ልጄን ሰምሃልን ከዚያች አስተማሪ ክፍል ላስወጣት ነው የምሄደው። መጽሐፍ ያስተምሩልኛል ብዬ ብልክ ወፍ አደረጓት!»

«ወፍ?»

«ወፍ! ቤት መጥታ ክንፏን ታራግባለች። ወላጆቿ ቱርሚ ሆቴል አላቸው፤ ለትምህርት ብለው እኔ ዘንድ ካመጧት ወዲህ ‹አዎ› እና ‹አይ› እንጂ ሌላ ቃል አልሰማሁም። ትናገራለች ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ጭው ጭው? ያቺን አስተማሪ ባገኛት…»

ከፊታችን የተቀመጠች ወጣት ዞር አለች። «አገኙኝ፣ ጋሼ። ሔርሜላ እባላለሁ።»

አቶ ደገፋ ኮፍያቸውን አንስተው መልሰው ደፉ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ የሚያሙት ሰው ፊት ለፊት ሲገኝ ሰላምታ ያስቀድማሉ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ። በእኛ ጊዜ መጽሐፍ ይነበብ ነበር እንጂ አይዘለልበትም።»

«እኛም መጀመሪያ እናነባለን። ልጆቹ ጥርት አድርገው ያነቡና ‹ምን ተረዳችሁ?› ስላቸው ጣሪያ ያያሉ። ታሪኩን ሆነው ሲጫወቱት ግን ይገባቸዋል።»

«ፈተናው ‹ወፍ ሁኑ› ይላል?»

«‹ለምን?› ይላል፣ ጋሼ። ወፍ የሆነች ልጅ ወፏ እህሉን ለምን እንደበላች ታውቃለች። እባክዎ፣ አይተው ይውሰዷት።»

«አይቼ እወስዳታለሁ!»

እኔም ጉዳዬን ለከሰዓት አስተላለፍኩ፤ እንዲህ ያለ ጠብ በየሳምንቱ አይገኝም።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ልጆች ሰማያዊ መጋረጃ ይዘው ያወዛውዛሉ። ኦሞ ወንዝ መሆኑ ነው። በበሩ የገባው ጉም በወንዙ ላይ ተኝቷል፤ ትንሽ ካዩት እግርዎ የራሰ ይመስልዎታል። የሚያነቡት ልብ ወለድ በወንዙ ዳር ማሽላ እንድትጠብቅ ስለተተወች ልጅ ነው። ፊደል ለመማር ከማማዋ ብትወርድ አዝመራውን ወፍ በላው። ዛሬ አባቷ ሊከሳት ነው። አባት የሆነው አብኔር በጠመኔ ጢም አብቅሏል።

«መጀመሪያ ምስክሯ ወፍ ትቅረብ» አለች ሔርሜላ።

«በስመ አብ!» አቶ ደገፋ ከኋላ ብድግ አሉ። «ከሳሽ ሳይናገር ምስክር ይሰማል? ይሄ የየት አገር ሽምግልና ነው?»

«እንግዲያው እርስዎ ይዳኙን።»

ለጨዋታ አልነበረም የሄዱት፤ ሥርዓት ለማስያዝ ነበር። መሀል ተቀመጡ። አብኔርን «ጢም ያለው ሰው አይጮህም» ብለው ሰሙት። ልጅቱን የምትጫወተውንም ሰሙ። ከዚያ ሰምሃል ክንፏን አጥፋ ቀረበች።

«አንቺ ወፍ፣ የሰው እህል ለምን በላሽ?»

ሰምሃል ቀና አለች። ወንዙ ብቻ ይፈሳል።

«ማማው ላይ ማንም የለም» አለች። «ልጅቱ ትንሽ ናት። ሰው ስለሌላት እኔ ነበርኩ የምዘፍንላት። አባቷ ለምን ብቻዋን ተዋት? መቼ ነው የሚመጣው?»

አብኔር ወደ ሽማግሌው ዞረ። ሽማግሌው ግን ወፏን ሳይሆን ሰምሃልን ነበር የሚያዩት። ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«ጥያቄው ተገቢ ነው» አሉ። «አባትየው ይጠራል።»

ከክፍሉ ስንወጣ ሔርሜላ «ታዲያ ይወስዷታል?» አለቻቸው።

«መጽሐፉ አልቋል?»

«ገና ነው።»

«እስኪያልቅ ማን ይዳኛል?» አሉ ተቆጥተው። ወደ እኔም ዞረው፣ ሐሳቡ የራሳቸው ይመስል ያስረዱኝ ጀመር። «አየህ ወንድሜ፣ ልጅ በራሱ አፍ የማይደፍረውን በወፍ አፍ ይናገረዋል። ያነበበውን ከሆነው ደግሞ አይረሳውም። የሌላውን ሰው ነገርም ቆሞ መስማት ይለምዳል። ይሄንን በልጅነታችን ብንማረው እኔ ይህን ያህል ሥራ አይበዛብኝም ነበር።»

ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ቱርሚ ለሰምሃል አባት ደወሉ።

«ዓርብ ጂንካ ና» አሉ። «ምን ሆናችሁ?» ሳይላቸው አልቀረም።

«ተከሰሃል» ብለው ዘጉ።