ደጋንና ብልቃጥ

ሰው የሚፈልገውን ብቻ እያየ ቢሄድ ኖሮ ስንት ቁም ነገር መንገድ ላይ ወድቆ በቀረ! ሻንጣውም በዚያ ማለዳ ከቤቱ የወጣው ፍራሽ ለማስነደፍ እንጂ ከማንም ጋር ለመከራከር አልነበረም።

“ሻንጣው” ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ሩቅ አገር ሄዶ ስለ ሕዝብ ጤና ተምሮ ከተመለሰ መንፈቅ ቢያልፈውም፣ ይዞት የመጣውን ሻንጣ እስካሁን አልፈታም። “መቆየቱን ራሱም አላመነበት” እያሉ ያሙታል። ሐሜቱ እውነትነት ነበረው። የተማረው ነገር እዚህ ለማን እንደሚጠቅም ሲያወጣ ሲያወርድ ነው የሚውለው። ባለፈው ወር ስለ ክትባት ሊያስረዳ ስብሰባ ቢጠራ፣ የመጡት እናቱና የአዳራሹ ዘበኛ ብቻ ነበሩ። ዘበኛውም የመጣው በሩን ሊቆልፍ ነው።

የእናቱን ፍራሽ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ጥጥ ነዳፊው ግቢ ገባ። ሰፈሩ “አባ ደጋን” የሚላቸው ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ እያቆሙ ያጫውታሉ። የጥጥ መንደፊያው ደጋን ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

“እንዴት አደሩ አባባ? ይህችን ፍራሽ እንዲነድፉልኝ ብዬ ነው። እናቴን ወገቧን እያመማት ተቸገረች።”

“ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ፍራሹን መልሰው።”

“ምነው?”

“ለአንድ ፍራሽ ደጋን አላነሳም። ግቢ መጥረጉ፣ ሸራ ማንጠፉ፣ ብናኝ መዋጡ ለአንድም ለአምስትም ያው ነው። ጎረቤቶችህን አስተባብረህ ስትበዙ ና።”

“እስከዚያ የእናቴ ወገብ ምን ይሁን?”

“መሬት ላይ ትተኛ። መሬት ወገብ ያቃናል።”

ሻንጣው ሳቁን ውጦ ፍራሹን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል፣ ከአጥሩ ማዶ ደረቅ የልጅ ሳል ተሰማ።

“ማን ነው የሚያስለው?”

“የጫማ ሰፊው ልጅ ነው። ኩፍኝ ወጥቶበት ተኝቷል።”

ሻንጣው በሽማግሌው ጭን ላይ የቆመችውን ሕፃን አያት። ፍራሹን መልሶ ጣለና ላዩ ላይ ተቀመጠ።

“ይህችስ? ለኩፍኝ ተከትባለች? ዘጠኝ ወር ከሞላት ጊዜዋ ደርሷል እኮ።”

“ሞልቷት አልፏል። አልተከተበችም፤ አትከተብምም።”

“ለምን?”

“ደህና ልጅ በምን ዕዳዋ ትወጋለች? የሚወጋ የታመመ ነው።”

“አባባ፣ ጣሪያ የሚጠገነው እኮ ዝናብ ሳይመጣ ነው። ከገባ በኋላማ ያለው ባልዲ መደቀን ነው።”

“ምሳሌ ታውቃለህ። ያን ዕለት ስብሰባህ ላይ ተናግረኸው ቢሆን ዘበኛው ይጠቀም ነበር።” ሽማግሌው በራሳቸው ቀልድ ትንሽ ሳቁና ኮስተር አሉ። “ስማ ልጄ፣ ኩፍኝ ማንንም ልጅ አይምርም፤ ወጥቶ ያልፋል። የእኔ አምስቱም ወጣባቸው፣ አደጉ።”

“አምስቱም?”

ሽማግሌው የሕፃኗን የወለቀ ካልሲ አንስተው ማጥለቅ ጀመሩ። እግሯን ስታንፈራግጥ ጊዜ ወሰደባቸው።

“አራቱ” አሉ በመጨረሻ።

ሻንጣው ከትምህርት ቤት ያመጣው አኃዝ ሁሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። ለእኚህ አባት ከአንድ የሚበልጥ ቁጥር አያስፈልጋቸውም።

“እምቢ ያልን መሰለህ?” አሉ ሽማግሌው ድንገት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። “ልጄ፣ የዚህች እናት፣ ጤና ጣቢያ ወስዳት ነበር! የምትሠራበት ጠርሙስ ማጠቢያ ቤት አንድ ቀን የቀረ ሰው ቦታው ላይ ሌላ ይቆምበታል። አለቃዋን ለምና፣ አስፈቅዳ ሄደች። ሲስተሯ ‘ልጆች አልሞሉም፣ ሌላ ቀን ነይ’ ብላ መለሰቻት። እንደገና ለምና ሄደች። አሁን ደግሞ ‘ካርድሽስ?’ ተባለች። ካርዱ ጣሪያው ሲያፈስ ረጥቦ ተበጣጥሷል። በሰው ፊት ‘ዝርክርክ’ ብላ ሰደበቻት። ዕንባዋን እየጠረገች ስትገባ ‘ሁለተኛ እዚያ ደጅ እንዳትረግጪ’ ያልኳት እኔ ነኝ። ይህች የፊተኛውን ክትባት የተወጋች ጊዜም ትኩሳት ይዟት ስታለቅስ ነው ያደረችው።”

ሻንጣው አንገቱን ደፋ። ለዚያ ሰው ላልመጣበት ስብሰባ የጻፈው ንግግር “የሕዝባችን አለማወቅ” ብሎ ነበር የሚጀምረው። እንኳንም ሰው አልመጣ!

“ልጅዎ አላጠፋችም” አለ። “ካርድ ጠፋ ተብሎ ክትባት አይከለከልም፤ ሌላ ይጻፍላታል። ትኩሳቱም ሰውነቷ በሽታውን መመከት ሲለማመድ የሚመጣ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይበርዳል። ካልበረደ ይዞ መሄድ ነው። ልጆች አልሞሉም የተባለው ደግሞ፣ የኩፍኙ መድኃኒት አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጆች የሚሆን ስለሆነ ነው። አንዴ ከተከፈተ አያድርም፤ የተረፈው ይደፋል። ሲስተሯ ለአንድ ልጅ ከፍታ መድፋቱ ያሳዝናታል።”

“ታዲያ ይደፋ! ጠብታ መድኃኒት ከልጅ ይበልጣል?”

ሻንጣው የተቀመጠበትን ፍራሽ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። አቧራው ቦነነ።

ሽማግሌው ፍራሹን አዩት። ዞር ብለው ደጋኑን አዩት።

“አንተ ልጅ፣ ያን ያህል አገር አቋርጠህ የሄድከው ሽማግሌ ማሽሟጠጥ ልትማር ነው?”

“እኔ ምን ተናገርኩ አባባ?”

“አለመናገርህ ነው የከፋው።” ሕፃኗን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ። “እሺ፣ ማን ይውሰዳት? እናቷ ሥራ ላይ ናት።”

“እርስዎ ነዎታ!”

“እኔ? ክትባት የሴት ጉዳይ ነው። ሽማግሌ ሕፃን አዝሎ ቢሰለፍ ሰው ምን ይላል?”

“‘አባ ደጋን የልጅ ልጃቸውን ይወዳሉ’ ይላል።”

“‘አባ ደጋን ጃጁ’ ነው የሚለው።”

“ይበል! የሰው ወሬ አንድ ሰሞን ነው። ኩፍኝ ግን ዓይን ያጠፋል፣ ሳንባ ይጎዳል። ሌላውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።”

ሳሉ ከአጥሩ ማዶ እንደገና ተሰማ። ሕፃኗ ወደ ድምፁ ዞራ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። ሽማግሌው ብድግ ብለው ሕፃኗን ለሻንጣው አስታቀፉና ደጋኑን ከግድግዳው አወረዱ።

“ሸራውን አንጥፍ።”

“ለአንድ ፍራሽ?”

“አንጥፍ አልኩህ! ነገ ሲስተሯ ፊት ስቆም አፌ እንዳይታሰር። እሷን ወደ ውስጥ አስገባትና በሩን ዝጋ፤ ብናኝ እንዳያገኛት። ሁለታችንም ጎረቤት እንጠራለን። የማን ቤት ሕፃን እንዳለ እኔ ነኝ የማውቀው፤ የሁሉም ፍራሽ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ነው።”

በማግስቱ አባ ደጋን የልጅ ልጃቸውን በልጃቸው ነጠላ አዝለው፣ ከኋላቸው ሻንጣውንና ሦስት እናቶችን አስከትለው ጤና ጣቢያ ደረሱ። የሊስትሮዎች ሳቅ መንገዱን ሙሉ ሸኛቸው፤ ሽማግሌው አንገታቸውን አላቀረቀሩም።

ሲስተሯ ቆጠረችና ራሷን ነቀነቀች። “አልሞላችሁም እኮ።”

“መመሪያው ለአንድ ልጅም ይከፈት ይላል ሲስተር” አለ ሻንጣው።

“መመሪያውን አላጣሁትም። ብልቃጥ ባከነ ሲባል ግን የምጠየቀው እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው ዛሬውኑ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ዘንድ አብሬዎት ገብቼ አስረዳለሁ።”

ሽማግሌው ወደፊት ራመድ አሉ። “ልጄ፣ እኔ ለአንድ ፍራሽ ደጋን አላነሳም የምል ሰው ነበርኩ። ትናንት አነሳሁ። ደጋኑ አልተሰበረም፣ እኔም አልሞትኩም፤ የአንዲት ሴት ወገብ ግን አረፈ። አንቺም ለመጡት ክፈቺ። ሌላውን ሰው እኛ እየዞርን እናመጣለን።”

ሲስተሯ ሽማግሌውን አየች፤ ዓይኗ በተጣመመው አስተዛዘላቸው ላይ ቆየ። ከዚያ ብልቃጡን ከፈተች። ሕፃኗ በመርፌው ስትጮህ አባ ደጋን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያን ዕለት ወዲህ የሆነውን ለመናገር አይከብድም። ሻንጣው ኃላፊውን በየቀኑ እየሄደ አሰለቸው። በመጨረሻ የክትባቱ ሰዓት የጠርሙስ ማጠቢያው በር ከመከፈቱ በፊት ሆነ፤ እናቶች አስከትበው ሥራቸው ይደርሳሉ። ካርድ የጠፋባት አትሰደብም፤ አዲስ ይጻፍላታል። ብልቃጡ ለአንድ ልጅም ይከፈታል፤ የሚደፋው ግን ጥቂት ነው፤ መከፈቱ ሲሰማ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠራል። ሰልፉ ላይ አባቶችና አያቶች መታየት ጀመሩ። የጫማ ሰፊው ልጅ ብዙ ቀን ተኝቶ ተነሳ፤ በአባ ደጋን ግቢ ግን ኩፍኝ አልገባም። ልጅ ሲድን ደመወዝም ይድናል፤ የታመመ ልጅ የምታስታምም እናት ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ይቆማልና። ሻንጣውም ልብሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለ።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ትራስ ታቅፋ፣ እየፈራች ወደ ነዳፊው ግቢ ገባች።

“አባባ፣ አንዲት ትራስ ብቻ ናት... ለዚች ደጋን ያነሳሉ?”

“ሕፃን አለሽ?”

“አለኝ።”

“ክትባቱን ጨርሷል?”

“የኩፍኙ ሁለተኛ ዙር ይቀረዋል።”

ሽማግሌው ትራሱን ተቀበሏትና እጃቸውን ወደ ደጋኑ ዘረጉ።

“ይህን እዚህ ተዪውና ልጁን ውሰጂ። ስትመለሺ ተነድፎ ይጠብቅሻል።”