ከቀብር በኋላ ያለቀ ዕቅድ

ባለቤቴን በቀበርኩ በሦስተኛው ሳምንት የሞት ማስረጃዋን ለመውሰድ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እስኪመለስ ጠብቅ ስለተባልኩ፣ ምድር ቤቱ ኮሪደር ውስጥ ከአንድ ክፍት በር አጠገብ ተቀመጥኩ። በውስጥ በኩል መስኮት በሌለው ክፍል ሁለት ሰዎች ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ይከራከራሉ። አንደኛው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላዋ ከሠላሳ ዓመት የማትዘል ሴት ናት።

የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ሆኖም የጨረር ሕክምና ሲባል ሰማሁና መነሳት አቃተኝ። ልብስ ሰፊ የነበረችው ባለቤቴ ጉሮሮዋ ላይ ዕጢ በቅሎባት፣ ጨረር ያስፈልጋታል ከተባለ በኋላ አምስት ሳምንት ሙሉ «ዕቅድሽ አላለቀም» እየተባለች ተመላልሳለች።

ያንን ዕቅድ የሚያወጡት ሽማግሌው መሆናቸውን ከንግግራቸው ተረዳሁ። በስካን የተነሳውን ምስል እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ እየገለጡ፣ ጨረር ሊነካቸው የማይገባቸውን የአካል ክፍሎች አንድ በአንድ በእጃቸው ያሰምራሉ። ከዚያም ጨረሩ ከየት አቅጣጫ፣ በምን መጠን እንደሚገባ ያሰላሉ። ጉሮሮ ከሆነ ለአንድ ሰው ብቻ ሦስት ቀን ይፈጃል። ሴትዮዋ የቀድሞ ተማሪያቸው ስትሆን፣ ከተሠሩ ዕቅዶች ተምሮ መስመሩንም ስሌቱንም በደቂቃዎች የሚያረቅ ፕሮግራም ይዛ መጥታለች።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «እዚህ የፈሰሰ ግን አይለቀምም። ጨረሩ ትንሽ ቢስት ሰውየው ሽባ ሆኖ ይቀራል። እኔ ስሳሳት እንቅልፍ አጣለሁ። ይሄ ዕቃ ምን ያጣል?»

«ምንም አያጣም፣ ጋሼ። ለዚህ ነው ብቻውን የማንተወው። እሱ ያርቅ፣ ፍርዱ የእርስዎ ይሁን።»

«ከማን ተምሮ ነው ለኔ የሚያረቅልኝ?»

«ከእርስዎ። ያስተማርነው እርስዎ በሠሯቸው ዕቅዶች ነው።»

ሽማግሌው ያለፈውን ሳምንት ሙከራ አነሱ። ፕሮግራሙ አይቷቸው የማያውቃቸውን የሃያ የድሮ ታካሚዎች ምስሎች እንዲያሰምር ተደርጎ ነበር፤ በአንዱ ላይ የሕብለ ሰረሰሩን ጫፍ ስቶ ያገኙት እሳቸው ናቸው። ሴትዮዋ አልካደችም። ነገር ግን በሌላ ታካሚ ላይ እሳቸው ራሳቸው ደክሟቸው የዘለሉትን፣ ምራቅ የሚያመነጨውን ዕጢ ፕሮግራሙ እንዳገኘው በትሕትና አስታወሰቻቸው። እሳቸውም አልካዱም። እውነተኛ ሰዎች መሆናቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው።

«ቢሆንም» አሉ፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ በኔ ዕቅድ አንድ ሰው አልተጎዳም።»

«በመዘግየትስ፣ ጋሼ? እኛ የምንቆጥረው ለሕክምናው የደረሱትን ነው። ሳይደርሱ የቀሩትን ማን ይቆጥራቸዋል?»

እዚህ ላይ ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኳቸው። «ሳይደርሱ ከቀሩት አንዷ የኔ ባለቤት ናት።»

በመጀመሪያው ሳምንት ዳቦ አለስልሳ ትበላ እንደነበር፣ በሦስተኛው ሾርባ ብቻ እንደቀራት፣ በአምስተኛው ውኃ እንኳ እምቢ እንዳላት ነገርኳቸው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ጨረሩን አትችለውም ባለን በአራተኛው ቀን አረፈች።

ሽማግሌው የካርድ ቁጥሯን ጠየቁኝና ዕቅዷን ከፈቱት። በቀለም የተከበበ የአንገት ምስል ስክሪኑ ላይ ወጣ። «አስታውሰዋለሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አፏ ደርቆ እንዳይቀር የምራቅ ዕጢዎቿን ለማትረፍ ሁለት ጊዜ እንደገና ሠራሁት። እንዲህ ያማረ ሠርቼ አላውቅም።» ከምስሉ ግርጌ ያለቀበት ቀን ተጽፏል። ከተቀበረች በሁለተኛው ቀን ነበር፤ መሞቷን ማንም አልነገራቸውም።

ሰውየው ግዴለሽ ቢሆኑ ኖሮ ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር። የገደላት ስንፍና ሳይሆን ጥንቃቄ መሆኑን ማየት ግን ከቁጣ የከበደ ነገር ነው። እጄን ትከሻቸው ላይ ላሳርፍ አስቤ አልቻልኩም።

ሽማግሌው ዕቅዷን ዘግተው ወረፋ ላይ ስንት ሰው እንዳለ ተማሪያቸውን ጠየቋት። አርባ ሦስት አለቻቸው።

«ያርቅ እንግዲህ» አሉ። «ግን እያንዳንዷን መስመር እኔ አያታለሁ። ያለ ሁለት ሰው ፊርማም አንድ ዕቅድ ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

«እኔም ከዚህ ሌላ አልለመንኩም፣ ጋሼ» አለች።

ዓመቱ ሳይሞላ አምስት ሳምንት የነበረው ጥበቃ ወደ ስድስት ቀን ወረደ። ሽማግሌው በማስመር ያልፍ የነበረውን ጊዜ ዛሬ የኮምፒውተሩን ስሕተት በማረምና አስቸጋሪ ሕመሞችን ከሐኪሞቹ ጋር በመመካከር ያሳልፉታል። ስሕተት ዛሬም አለ፤ የሚያየው ዓይን ግን አልደከመም። አዲስ ነገር ሁሉ ይጠቅማል አልልም። ዕውቀት ያለው ሰው መሣሪያውን ሲገዛው እንጂ መሣሪያው ሰውን ሲገዛው ፈውስ አይገኝም። በሽታ ግን የኛን ጥንቃቄ ቆሞ እንደማይጠብቅ ቤቴ ምስክር ነው።

አንድ ቀን ሽማግሌው ስልክ ደወሉልኝ። የጉሮሮ ሕመምተኛ የሆነች ሴት ሕክምናዋን ጨርሳ እህል መዋጥ ጀምራለች። ይህን መስማት የሚያምህ ከሆነ ንገረኝ፣ አሉኝ።

ያመኛል አልኳቸው። ለሚቀጥለዋም እንዲደውሉልኝ ለመንኳቸው።