ጭላዳ ለማየት

ዛሬ አውቶቡስ ላይ ስወጣ የኩፓት ሆሊም የሕክምና ካርዴን መክፈያው ማሽን ላይ ሦስት ጊዜ አስጠጋሁና፣ ድምፅ አልሰጥ ሲለኝ ማሽኑን ተቆጣሁት። ሾፌሩ እየሳቀ የአውቶቡሱን ካርድ ከኪሴ ፈልጌ እስካወጣ ጠበቀኝ። አፍሬ ከአንዲት እናትና ከልጇ ኋላ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ፋብሪካው የሁለት ሳምንት ሆፌሽ፣ እረፍት ሰጥቶኛል። አውሬ ለማየት ሁሉም ኬንያና ታንዛኒያ ይሄዳል፤ እኛ ስሜን ተራሮች እንሂድ። ጭላዳ እናያለን።»

«ጭላዳ? ያንን ሌባ ዝንጀሮ?»

«ሰው እኮ ከዓለም ዳር እየመጣ ነው የሚያየው!»

«እኔ ልጅነቴን የጨረስኩት ማማ ላይ ቆሜ ከገብሳችን ሳባርረው ነው። አሁን ደግሞ ከፍዬ ልየው?»

«አሁን ማንም አያባርረውም። አጠገቡ ቁጭ ብለው ፎቶ ያነሱታል።»

«ኧረ በይ! ኮርቶ ይሆናላ።»

«ያለ አንቺ ግን አልሄድም። የተወለድሽበትን ቦታ ማን ያሳየኛል?»



«እሺ፣ አገሩ ሰላም ከሆነ እሄዳለሁ። ግን ወንጭፌን ይዤ ነው።»

«እማዬ! ፓርክ እኮ ነው፣ ያስሩሻል!»

«ታዲያ እንደ ወንዶቹ ማማው ላይ ልተኛ? መንጋው ገብሱን ሲጨርስ እነሱ ያንኮራፋሉ፤ ማታ ቤት ገብተው 'በረዶ መታው' ይላሉ።»

«በረዶ!»

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

እኔ ባርኔጣዬን ቀስ ብዬ ወደ ዓይኔ ሳብኩ፤ ለአክስቴ አንድ ማሳ ገብስ እስከ ዛሬ አለብኝ።