እማማ ዘይነባ የሰቀሉልኝ አጎበር

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፤ ሰው ማስተማር እንጀራዬ ነው። በቀደም ዋጃ አጠገብ ያለች መንደር ውስጥ የአጎበር አሰቃቀል ልመዘግብ እማማ ዘይነባ ቤት ገባሁ። አጎበራቸው አልጋው ላይ ተወጥሮ፣ ጫፉ ፍራሽ ስር ገብቶ ሳየው ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ቅጼ ላይ "በትክክል ተሰቅሏል" ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ግን የልጅ ልጃቸው ዘንድሮ ሁለት ጊዜ በወባ መተኛቷን ነገሩኝ።

"እንዴ እማማ፣ አጎበር እያለ?"

"አጎበሩማ አልሐምዱሊላህ ደህና ነው። እኛ የምንተኛው ደጅ ነው። በዚህ ሙቀት ማን ቤት ውስጥ ያድራል?"

"ታዲያ እዚህ ለምን ሰቀላችሁት?"

"ቤት ውስጥ ስቀሉ ያልሽን አንቺ፤ ለማየት የምትመጪውም አንቺ። እንዳይከፋሽ ብለን ነው ልጄ።"

አጎበሩን አውርደን ደጅ ወጣን። እሳቸው በሚተኙበት ጠፍር አልጋ ዙሪያ አራት እንጨት ተክለው ሲወጥሩት እኔ ገመድ አቀባይ ሆንኩ። ስንጨርስ የቅጹን ጀርባ ገልብጬ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ።

"ምን ጻፍሽ?" አሉኝ።

"'የት ነው የምትተኙት?' የሚል።"

ትንሽ አዩኝና፣ "ይቺን ለመጠየቅ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?" አሉ።