ሕጉን ያልጣሰው ፕሮግራም

ለዓይን ቀዶ ሕክምና በየወረዳው የተመዘገቡትን ሰዎች ዝርዝር የሚያጣምረውን የጃቫስክሪፕት ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማጣመሪያው «ሞኖይድ ነው» እያልኩ ደባርቅ ከተማን አደነቆርኳት፤ የሞኖይድ የሒሳብ ሕጎቹ ቀላል ናቸው፦ የትኞቹን ዝርዝሮች አስቀድመህ ብታጣምር ውጤቱ አንድ ነው፣ ባዶ ዝርዝር ብትጨምርበትም አይዛባም። ሰውን የምለየው በስሙና በአባቱ ስም ነበር።

ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ጭነው ከሄዱ በኋላ፣ ከበየዳ ወረዳ የመጡ አንዲት እናት ግቢው ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ስሜ ተጠርቶ ሌላ ሴት ገባች፤ ተራዬ እስኪደርስ ብዬ ጠበቅሁ» አሉኝ። ዝርዝሩን ከፈትሁት። የጃናሞራዋ እናትነሽ አለሙና የበየዳዋ እናትነሽ አለሙ አንድ ሰው ሆነዋል። ማጣመሪያው አንድም ሕግ አልጣሰም። ያደረግሁትን ነገርኳቸው።

«ለዚያችስ ዓይኗ በራላት?»

«በራላቸው።»

«እሰይ» አሉና፣ የበየዳው መኪና ወደሚቆምበት እንድመራቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ።