የጨንቻ እርጥብ ሣር

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ጊታር ያቀፈ ዘፋኝ አጠገቡ የተቀመጡትን የጨንቻ እናት ያዋራል።

«ስንት አገር ዞሬ እንዲህ ያለ አድናቂ አላየሁም፤ ትናንት ጨንቻ ስዘፍን ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቴ ተንበረከኩ።»

«ምን ብለህ ዘፈንክ?»

«‹ወንድሜን እስክሞት ይቅር አልለውም› ብዬ። ግጥሙ የራሴ ነው።»

«ታረቅ ብለው ለምነውህ ነዋ!»

«እኔ የወደዱልኝ መስሎኝ ደገምኩት።»

«ውይ! ሣሩንስ?»

«ተቀበልኩ።»

«ሣሩን ከተቀበልክማ ይቅር ብለሃል፣ ልጄ። እኛ ጋ እንዲህ ነው።»

«ዘፈን እኮ ነው፣ እናቴ!»

«ወንድም የለህም?»

«...አለኝ።»

«ታዲያ?»

«እሱ ሳያውቅ ታረቅን ማለት ነው?»

«ደውልና ንገረዋ።»

«ምን ብዬ?»

እኔም ወሬያቸውን ስሰማ መውረጃዬ ማለፉን ያወቅኩት ያኔ ነው።