የሕፃን እግር ቆሞ አይጠብቅም

የሻንጣዬ ዚፕ ተበላሽቶ ላሠራው ስወጣ፣ ከፋርማሲው መታጠፊያ ላይ ከአባ አደራ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ዓይናቸው ከእኔ በፊት ሻንጣውን ሰላም አለው።

«መምህር፣ መቼ ነው የምትነሣው? ወደየትስ ነው?» አሉኝ።

የትም እንደማልሄድ፣ ሻንጣውም ባዶ እንደሆነ ነገርኳቸው። አላመኑኝም፤ ከፍ አድርገው መዘኑትና ቅር እያላቸው መለሱልኝ።

አንባቢዬ ይህን ለመረዳት ሰውየውን ማወቅ አለበት። አባ አደራ የሰፈራችን ጫማ ሰሪ ናቸው። እግር ለተከሉ ሕፃናት የሚሆን ለስላሳ የቆዳ ጫማ በእጃቸው ይሰፋሉ። እያንዳንዱን ጫማ ጣታቸውን አስገብተው ዳር ዳሩን ካልዳሰሱትና የሚቆረቁር ክር አለመኖሩን ካላረጋገጡ ከቤታቸው አያስወጡትም። ሩቅ ላለ ደንበኛ ሲልኩ ደግሞ በሚያውቁት ሰው እጅ ካልሆነ በጭራሽ አይልኩም፤ መልእክተኛውንም ሦስት ጊዜ «አደራ» ሳይሉ አይሸኙም። ሰፈሩ ስሙን ያወጣላቸው ለዚህ ነው። ለሰርግ የሚሄድም፣ ለሐዘን የሚሄድም የእሳቸውን እሽግ ሳይዝ አይወጣም። አንድ ጎረቤታችን ጥርሱን ሊያስነቅል ትልቁ ከተማ ሄዶ፣ ጉንጩ እንዳበጠ በየቤቱ ጫማ ሲያድል ዋለ። ሕፃናቱ መልኩን አይተው አለቀሱ ይባላል። እኔም ብሆን የምሄድበት ቀን ሲደርስ በጓሮ በኩል ሹልክ ማለት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ እወዳቸዋለሁ፣ ግን ሻንጣዬንም እወደዋለሁ።

የዚያን ቀን ያለወትሯቸው ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ስለ ጉዞዬ የጠየቁኝም ከልማድ ነበር። ከዚያ፣ «ልጅቱ ልትሄድብኝ ነው» አሉኝ። «ግባና ምከርልኝ። አንተን ትሰማለች።»

ልጅቱ ያሏት የእህታቸው ልጅ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ስትጠራቸውም አባባ ትላለች። ንግድ ተምራ ስትመለስ ቢሮ ከመፈለግ ይልቅ እዚያው ቤት ተቀምጣ የአጎቷን ጫማ ፎቶ እያነሣች በኢንተርኔት መሸጥ ጀመረች። መጀመሪያ አባ አደራ ሳቁባት፤ ላም አለኝ በሰማይ አሉ። በኋላ ግን ስሙን ሰምተው ከማያውቁት ከተማ ሁሉ ትእዛዝ ሲመጣ ሳቃቸው ወደ ጭንቀት ተለወጠ። ጫማው በብዛት ይታዘዛል፤ መንገደኛው ግን ያው ነው።

ወደ መሥሪያ ክፍሉ ስንገባ ልጅቱ ከጠረጴዛው ዳር ተቀምጣ ካርቶን ታጥፋለች። ግድግዳው ላይ በእግር ቅርጽ የተቀረጹ የእንጨት ፎርማዎች ከትንሹ እስከ ትልቁ ተደርድረዋል፤ ቤቱ የቆዳና የማስቲሽ ሽታ ይሸታል። የተዘጋጀው እሽግ በሩ ጥግ ተከምሮ መንገደኛ ይጠብቃል። ተነሥታ ሰላም አለችኝ፤ ሻይ አቀረበችልኝ፤ ነገሩን ግን እሷ አልጀመረችውም።

በመምህርነቴ የሁለቱንም ወገን መስማት እወዳለሁና ጠየቅኳት። በትልቁ ከተማ ያለ አንድ መደብር ለሥራ ፈልጓታል፤ መልስ እየጠበቀ ነው። መሄድ እንደማትፈልግ ነገረችኝ። ነገር ግን ደንበኞቿ በመዘግየት ተማርረው ትእዛዛቸውን እየሰረዙ ነው። ዕቃን በመጋዘኑ አስቀምጦ፣ አሽጎ፣ በየቤቱ የሚያደርስ ድርጅት እንቅጠር ብላ ደጋግማ ለምናቸዋለች፤ አባ አደራ እንቢ ብለዋል።

«እኔኮ ጠላትሽ አይደለሁም» አሉ አባ አደራ፣ ወስፌያቸውን አንሥተው እንደገና እያስቀመጡ። «ግን ፊቱን ለማላውቀው ሰው፣ አባቱን ለማልጠይቀው ሰው፣ እንዴት አደራ እሰጣለሁ? እስቲ ለመምህር ንገሪው። በእኔ ዘመን አንድ ጫማ ጠፍቷል?»

«አልጠፋም፣ አባባ።»

«አደራዬን የበላ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ጎደለ? ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይደርሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ልጅቱ ስልኳን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። እንደገና አነሣችው። የሆነ ነገር ልታሳያቸው ፈልጋ ልቧ እንደራራ አየሁ። «እንቁላሉ እስኪሄድ፣ አባባ» አለች በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የልጁ እግር አደገ። ላሳይዎት አልፈለግኩም ነበር።»

ስልኩ ላይ አንድ ፎቶ ነበር። ቡናማ ጫማ፤ የአባ አደራ ስፌት እንደሆነ እኔም አወቅኩት። ጫማው ውስጥ ለመግባት የሚታገል የሕፃን እግር ይታያል፤ ተረከዙ ግን ውጭ ቀርቷል። ከሥሩ እናቱ የጻፈችውን ልጅቱ አነበበችልን፦ «ጫማው አንድም ሳይጎድለው፣ እንደ ተሠራ ደርሶናል። ስለ ጥበባችሁ እናመሰግናለን። የመጀመሪያ እርምጃውን በዚህ ጫማ እንዲራመድልን ነበር የፈለግነው፤ ልጃችን ግን ከጫማው ቀድሞ አደገ።»

አባ አደራ ጫማውን ማን እንደወሰደው አልጠፋቸውም። የልብ ወዳጃቸው የአውቶቡስ ሾፌሩ ነው። «ከእናትየዋ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ» ብለው አስጠንቅቀውታል፤ እሱም ቃሉን ጠበቀ። በሄደ ቁጥር እናትየዋ ሥራ ላይ ናት። አያቱ በር ላይ ቆመው «ለእኔ ስጠኝ፣ ልጄ» ቢሉት፣ «አደራ ነው፣ እማማ» ብሎ መልሶ ወሰደው። እሽጉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ከመቀመጫው አጠገብ እያስቀመጠ፣ ክረምቱን ሙሉ ሲወስድና ሲመልስ ከረመ። በሰውየው ታማኝነት ላይ ምንም የሚባል ነገር የለም። እንዲያውም የጎዳን ታማኝነቱ ነው፤ ጫማው ተጠበቀ፣ ሕፃኑ ግን ማንንም አልጠበቀም።

አባ አደራ ስልኩን ተቀብለው፣ አውራ ጣታቸውን ከፎቶው ላይ፣ ከልጁ ተረከዝ አጠገብ አሳረፉ። እየለኩት ነበር። ያን ሳይ አዘንኩላቸው፤ እኚህ ሰው በሕይወታቸው የማንንም ሕፃን እግር አስከፍተው አያውቁም።

«ግማሽ ጣት አድጓል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እሺ፣ መምህር፣ እንዲህም ይሁን። ግን የማላውቀውን ሰው እንዴት ልመን?»

«ሾፌሩን መጀመሪያ እንዴት አመኑት?» አልኳቸው።

«ጠየቅኩት። ከዚያ በትንሽ ነገር ሞከርኩት።»

«እንግዲያው እነዚህንም ይጠይቋቸው፤ በትንሽ ነገርም ይሞክሯቸው። አደራ ያለ ጥያቄ አይሰጥም ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

በራሴ ንግግር ደስ ብሎኝ ሻዬን ጠጣሁ። ቀጥዬም የሒሳብ መምህር ነኝና ዋጋቸውን አወዳድሮ ርካሹን መያዝ ነው ብዬ ምክር ጨመርኩ። ልጅቱ በትሕትና ፈገግ አለች። ዋጋ የመጨረሻው ጥያቄ ነው፣ መጀመሪያ ዕቃው ምን ይፈልጋል ብለን እንጠይቅ አለችኝ። መጽሐፍ የገዛ ሰው መጽሐፉ አልበቃኝም ብሎ አይመልስም፤ ጫማ ግን ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ለእኛ ትልቁ ነገር የማይበቃው ጫማ በፍጥነት ተመልሶ የሚበቃው መተካቱ ነው። ሌላው፣ ደንበኞቻችን በብዛት ትንንሽ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ እዚያ ድረስ የማይሄድ ድርጅት ምንም ፈጣን ቢሆን ለእኛ አይሆንም። ገዢው ዕቃው የት እንደደረሰ እሽጉ ላይ በተለጠፈው ቁጥር በስልኩ ማየት መቻል አለበት፤ እሱ ከሌለ ማን እንዲቀበልለት አስቀድሞ መናገርም አለበት። ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ደግሞ ማን እንደሚክስ በጽሑፍ ይቀመጥ። ይህን ሁሉ ስትዘረዝር አባ አደራ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጧታል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚሉት ሰውዬ፣ ያን ቀን ተረቱን ሳያነሡት ቀሩ።

ልጅቱ ሦስት ድርጅቶች አጥንታ ነበር። አንዱ ከትልቁ ከተማ ስለማይወጣ ወዲያው ተጣለ። የቀሩትን ሁለቱን አባ አደራ በዓይናቸው ካላዩ እንደማይሆን ተናገሩ፤ «ጫማዬ የሚያድርበትን ቤት ሳላይ አልሰጥም» አሉ። በማግስቱ ሦስታችን ሄድን።

የመጀመሪያው ቤት ርካሹ ነበር፤ እኔ በልቤ የመረጥኩት። ቢሮው የመስታወት ነው፤ የተቀበለን ሰውም ጥሩ ተናጋሪ ነው። አባ አደራ ንግግሩን ትተው ወደ መጋዘኑ ገቡ። ካርቶኖቹ በባዶ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብለው ወለሉን ዳሰሱና እጃቸውን ለልጅቱ አሳዩዋት፤ እርጥብ ነበር። ስለ ተመላሽ ዕቃ ስትጠይቀው ሰውየው፣ እሱ የላኪው ጭንቀት ነው ብሎ ሳቀ። እኛ አልሳቅንም፤ አመስግነን ወጣን።

ሁለተኛው ቤት ትንሽ ነው። ዕቃው ሁሉ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ነው። ኃላፊዋ ወጣት ሴት ናት። አባ አደራ ለናሙና የያዙትን ጫማ ተቀብላ አገላበጠችው፤ ጣቷንም ወደ ውስጥ አስገባች። ገና እኛ ሳንጠይቃት እሷ ጠየቀችን።

«ለልጁ ባይበቃውስ? እንዴት እንዲመለስ ነው የምትፈልጉት?»

አባ አደራ ክርኔን ጎሸም አደረጉኝ። «ይቺ ስለ እግሩ አስባለች» አሉኝ በሹክሹክታ።

ዋጋው ከመጀመሪያው ከፍ ይላል፤ ልጅቱ ግን ከተሰረዙት ትእዛዞች ጋር ስናመዛዝነው ይሻላል አለች። ስምምነቱም የአጎትንም የልጅቱንም ሐሳብ የያዘ ሆነ። በተለመደው ቁጥር የሚሠሩት ጫማዎች በአባ አደራ ጣት ከተዳሰሱ በኋላ በመጋዘኑ ይቀመጣሉ። በልክ የሚታዘዙት ግን ከመሥሪያ ክፍሉ ታሽገው ይወጣሉ። ደግሞም ሁሉን በአንድ ጊዜ አልሰጡም። መጀመሪያ አንድ እሽግ ብቻ ለሙከራ ይሂድ ተባለ። ለማን እንደሚሄድ መንገር አያስፈልገኝም።

አባ አደራ የዚያን ሕፃን አዲስ ጫማ በራሳቸው ገንዘብ፣ ግማሽ ጣት አስረዝመው፣ ለዕድገት ትንሽ ትርፍ ትተው ሰፉት። ለኃላፊዋ ሲያስረክቧትም ሦስት ጊዜ «አደራ» አሏት። እሷም አላሳፈረቻቸውም፤ ሦስት ጊዜ «እሺ» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየሁት ሻይ ልጠጣ ስገባ ነው። አባ አደራ ስልኩን ከወስፌያቸው አጠገብ አስቀምጠው በየስፌቱ መሀል ያዩታል። እሽጉ ከመጋዘን ወጣ የሚል መልእክት መጣ፤ ከተማው ገባ የሚል ተከተለ። ሌላው ሲመጣ ልጅቱ ጮክ ብላ አነበበች፤ «ለአያቱ ተሰጠ» ይላል።

«ለአያቱ!» አሉ አባ አደራ፤ እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። «ሾፌራችን ይህን እንዳይሰማ።»

ወደ ማታ እናትየዋ ቪዲዮ ላከች። ሕፃኑ አዲሱን ጫማ አድርጎ ከወንበር እስከ አያቱ ጉልበት እየተንገዳገደ ሄደ። አባ አደራ ደጋግመው አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሡ፣ «ልጄ፣ አንቺ ከሄድሽ ይህ ቤት ለእኔ ቤት አይሆንም» አሏት። «ይህን ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ጫማውን ብቻ የማስብ መስዬሽ ይሆናል።»

«እኔም የመጣሁት ለጫማው ብቻ አልነበረም፣ አባባ» አለች። በማግስቱ ጠዋት ወደ መደብሩ ደውላ እንደማትመጣ ነገረች።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ የመጣውን ጥቅም መናገር ግዴታዬ ነው። በሩ ጥግ የነበረው ክምር የለም። ትእዛዝ መሰረዝ ቀርቶ፣ የአንዱ ልጅ እናት ለጎረቤቷ እየነገረች ሥራው ሰፍቷል። የማይበቃ ጫማ ሲመለስ አባ አደራ አይከፋቸውም፤ ተመላሹን ከፎርማው ጋር እያስተያዩ የልኩን ስሕተት ያርማሉ። ሾፌሩ ያለ ጭንቀት ይነዳል፤ ሻይ ለመጠጣት ግን እንደ ድሮው ይመጣል። የሰፈሩም ሰው ጥርሱን በሰላም ያስነቅላል። አደራ ግን አልቀረም። ጠይቆ፣ አይቶና ሞክሮ ለማያውቁት ሰው መስጠትም አደራ መሆኑን ሰውየው ተማሩ፤ እኔም ርካሹን አስቀድሜ የመረጥኩት መምህር አብሬ ተማርኩ።

በቅርቡ እውነተኛ ጉዞ አጋጠመኝ። ዚፑ የተሠራውን ሻንጣ ይዤ፣ በጓሮ ሳይሆን በዋናው መንገድ፣ በአባ አደራ በር ፊት አለፍኩ። ሁለቱም ወጥተው ሸኙኝ። የሚሰጡኝ እሽግ አልነበረም፤ ሻንጣዬ ቀሎኝ፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፋኝ። ጥቂት ከራቅኩ በኋላ ከኋላዬ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«መምህር፣ አንተ ላይ ቁጥር አልተለጠፈብህም፤ የት እንደደረስክ ማን ይነግረናል? ስትደርስ ደውል። አደራ፣ አደራ፣ አደራ።»